የአዲላ ድርሻ

ባለፈው ጥር ለአንድ ሳምንት ሐረር ገብቼ ነበር። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በተርታ ተቀምጠው በሚሰፉበት ቁልቁለት ስወርድ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ደጃፍ ላይ እግሬ ቆመ። ጠጋኙ ጀርባው እንደ ሻንጣ ያበጠ አሮጌ ሞኒተር ከፍቶ ውስጡን በብሩሽ ይጠርጋል። የጋለ አቧራ ሽታ ከስፌት መኪና ዘይት ጋር ተቀላቅሎ መጣብኝ። ሰውየው ቀና ብሎ፣ «እህቴ፣ ምን ልርዳሽ?» አለኝ። ምን ልበለው? አስራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ አንድ ክረምት ሙሉ፣ እዚሁ ሰፈር ውስጥ ቁጭ ብዬ አገር እገዛ ነበር ልበለው? «ምንም፣ አመሰግናለሁ» ብዬ አለፍኩ።

ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። እናቴ ሁለት ሥራ ሰጠችኝ። አንደኛው ጠዋት ጠዋት አያቴን እየመራሁ አጎቴ ሱቅ ማድረስ፣ ሁለተኛው እዚያው ተቀምጬ ታይፕ መማር። አያቴን ባባ ነበር የምንላቸው፤ የእናቴ አባት ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ሰው ፊታቸው መቆሙን ያውቃሉ፣ መልኩን ግን አያዩም። ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ የውርስ መዝገብ ነበር የሚጽፉት። በጁገል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ የማን ቤት ለማን እንደደረሰ፣ የትኛው ግንብ በየትኞቹ ወንድማማቾች መካከል እንደቆመ በቃላቸው ያውቁታል።

መንገድ ላይ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ያደርጋሉ። የጁገል መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጎርፉ መሐል ለመሐል ይወርዳል። የምመራቸው እኔ ይመስለኝ ነበር። ግን «አሁን ወደ ቀኝ» ከማለቴ በፊት ትከሻዬን ወደ ቀኝ ይጫኑታል። «ይቺ ድንጋይ ታንሸራትታለች፣ ተጠንቀቂ» ይሉኛል። አንድ ቀን፣ «ባባ፣ መንገዱን ካወቁት እኔ ለምን እመጣለሁ?» አልኳቸው።

«ሰው ሲያየኝ ብቻውን ቀረ እንዳይል» አሉኝ።

አጎቴ ዘከሪያ፣ የባባ ልጅ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነበረው። አንዲቷ ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላለች። ከፊት ፎቶ ኮፒው፣ አዲሱ ኮምፒውተርና ማመልከቻ ሊያጽፍ የመጣ ሰው፤ ከኋላ የባባ ወንበር፣ የወረቀት ካርቶንና ለልምምድ የተተወ አሮጌ ኮምፒውተር። «በቀን አንድ ገጽ ሳትሳሳቺ ጻፊ፤ የቀረውን ሰዓት የፈለግሽውን አድርጊ» አለኝ አጎቴ። ከዚያ በፊት ሱቁ ውስጥ የሠራ አንድ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ጨዋታ ጭኖበት ሄዶ ነበር። ስከፍተው ከበሮና መለከት ተሰማ፤ ከዚያ ስክሪኑን የሞላ ካርታ ወጣ፤ አገሩ ሁሉ በየቀለሙ።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ተማሪ መጣች። ማህሌት ትባላለች፣ እኩያዬ ናት። አባቷ ወታደር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ያለው ወንበር አንድ ስለሆነ ግማሽ ግማሹን ተካፍለን ተቀመጥን። ካርታውን አይታ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«እኔ እንጃ። ንጉሥ መሆን ነው መሰለኝ።»

እሷ ወዲያው ማውሱን ወሰደች።

ጨዋታው ፈረስና ቤተ መንግሥት፣ ጋሻና ጦር የነበረበት የድሮ ዘመን ነው። እየሮጡ የሚተኩሱበት ዓይነት አይደለም። አንድ ትንሽ አገር ይሰጥሻል። ታገቢያለሽ፣ ትወልጃለሽ፣ ከጎረቤት ጋር ትታረቂያለሽ ወይም ትዋጊያለሽ። ቀኑ ከላይ በኩል እየቆጠረ ይሄዳል፤ ንጉሡ ያረጃል፣ ይሞታል፤ ካለቀስሽለት በኋላ በልጁ ትቀጥያለሽ።

መጀመሪያ የፈለግነው ሐረርን ነው። ካርታውን ወደ ታች ሳብነው፣ ግብፅን አለፍን፣ ትንሽ በረሃ አየን፣ ከዚያ አልቀጥልም አለን። ባባ ከኋላችን ሆነው፣ «ሐረር የት ጋ ናት?» ብለው ጠየቁ። እጃቸውን ይዤ ከሞኒተሩ በታች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «እዚህ ጋ ናት ባባ። ካርታው አልደረሰባትም።» እንጨቱን በጣታቸው ዳበሱት። «ጥሩ» አሉ፣ «ከጦርነቱ ራቅ ብላለች።»

አንዲት አረንጓዴ ደሴት መረጥን። ባንዲራዋ ላይ ወፍ ስለነበረ ብቻ ነው። ንጉሡ መላጣ ነበር፤ አናቱ እንደ እንቁላል ያበራል። ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከስክሪኑ ጥግ አንድ ቀይ ማስጠንቀቂያ ብልጭ ይላል። እንግሊዝኛዋ ከኔ የሚሻለው ማህሌት ጠጋ ብላ ፊደሉን ቆጠረች፤ «ሄይር የለህም» ነው የሚለው አለች። ሄይር ፀጉር ነው። «ፊደሉን ግን ተሳስተዋል» አለች። የፈረንጅ ኮምፒውተርም ይሳሳታል ብለን ሳቅን። ንጉሡን መላጣ ብሎ መስደቡ ገርሞን ዝም አልነው። ማስጠንቀቂያው ሁለት ሳምንት ብልጭ አለ። እኛ ግንብ ገነባን፣ ወደብ ቆፈርን፣ አንድ የጎረቤት ደሴት ያዝን።

አንድ ጠዋት ንጉሡ በጉንፋን ሞተ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ አንድ የደወል ድምፅ ተሰማ፣ ጨዋታው አለቀ። ሁለት ሳምንት የለፋንበት አገር በአንዴ! ማህሌት ጠረጴዛውን መታች፤ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አጎቴ ዘከሪያ ማመልከቻ የሚያጽፈውን ሰው ትቶ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። የመጨረሻውን ጽሑፍ አነበበና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ኤይር ነው የሚባለው፤ ኤችዋ አትነበብም። ፀጉር አይደለም፤ ወራሽ ማለት ነው። ሰውየው ወራሽ የለውም እያለ ሲለምናችሁ ነበር እኮ!»

ባባ ቁቲያቸውን እየጠጡ ነበር፤ የቡና ቅጠል በወተት ይወዳሉ። ብርጭቆውን አስቀመጡት። «ወራሽ?» አሉ። «ስንት ልጅ ነበረው ሰውየው?»

«አንድም የለውም፣ ባባ።»

«ወንድምስ? የወንድም ልጅ?»

«እኛ አላየንም።»

«ሰው አገር ይዞ ወንድሙን አያይም እንዴ?» ወንበራቸውን ወደ እኛ ጎተቱ። «እንደገና ጀምሩት። በዚህኛው ዙር እኔም አለሁበት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሆነን ገዛን። ጦሩ የማህሌት ሆነ፤ ከአባቷ የሰማችውን ሁሉ ታውቃለች፣ ስንቅ፣ ምሽግ፣ ማፈግፈግ። ጋብቻና ደብዳቤ የኔ ነው። ባባ ደግሞ አማካሪ። ጠዋት ሱቁ እንደገባን ስለ እያንዳንዱ ንጉሥ ይጠይቁናል፤ እናቱ ማን ናት፣ ስንት ሚስት አለው፣ የበኩር ልጁ ደህና ነው ወይ። ያልነገርናቸውን ሁሉ ይደርሱበት ነበር። «ያ ቀዩ ሰውዬ ሁለተኛ ልጁን አይወደውም፤ ልጁ ዘንድ መልእክት ላኩ» ይሉናል፤ እንልካለን፤ እውነትም ልጁ ከአባቱ ከድቶ ወደ እኛ ይገባል። ማህሌት በግርምት ወደኔ ዞራ፣ «አያትሽ ሳያዩት እንዴት ያውቁታል?» ትላለች። ባባ ሰምተው፣ «ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ያየሁት ይሄንኑ ነው። ፈረስ አልነበረውም እንጂ» አሏት።

እናቴ ባባ ምሳ አብዝተው መብላት ጀመሩ ብላ ደስ ብሏታል። ምክንያቱን አልነገርናትም።

አዲሱ ንጉሣችን ባለ ፂም ነው። ሁለት ልጆች ወለደ፤ መጀመሪያ ሴት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ወንድ። ሴቷ ስክሪኑ ላይ አዴላ ትባላለች። ባባ ስሟን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «አዲላ! ፍትሕ የምታውቅ ማለት እኮ ነው። ፈረንጆቹ ከየት አገኙት?» ከዚያ ወዲያ እኛም አዲላ አልናት። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ሰው ስለ ብልሃቱ፣ ስለ ጀግንነቱ ቁጥር ይሰጣል፤ አዲላ ከወንድሟ በሁሉም ትበልጣለች። ወንድሟ በመብላት ብቻ ነው የሚታወቀው።

«አባቷ ሲሞት ለአዲላ ምን ይደርሳታል?» አሉ ባባ አንድ ቀን።

የሕጉን ገጽ ከፍቼ ከማህሌት ጋር በመዝገበ ቃላት እየፈታን አነበብነው። «ወንድ ልጅ እስካለ ድረስ ሴት አትወርስም ይላል።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«በሸሪዓ እንኳ የወንድሟን ግማሽ ታገኛለች። ይሄ የማን ሕግ ነው?»

«የጨዋታው።»

«ቀይሩታ!»

መቀየር ይቻላል፤ ግን መኳንንቱ መስማማት አለባቸው፣ መኳንንቱ ደግሞ ስጦታና ግብዣ ይፈልጋሉ። ማህሌት፣ «ያን ሁሉ ለመኳንንት ከምናበላ ፈረሰኛ እንቅጠር» አለች። ነገ ዛሬ ስንል ቆየን። እኔም በመሐሉ ከሰሜን የመጣ አንድ ኃይለኛ ጎረቤት ስላስፈራን አዲላን ለሱ ዳርኳት። ካርታው ላይ በረዶ የሆነ ቦታ ነው። ሰላም አገኘን። እሷ ከቤተ መንግሥታችን ዝርዝር ውስጥ ጠፋች፤ ከዚያ በኋላ ስለሷ አላሰብኩም።

ሐምሌ አለቀ። በለስ የሚሸጡ ሴቶች ከሱቁ ፊት ተቀመጡ፤ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ሲጠፋ በሩ ላይ ቆመን ዝናቡ ቁልቁለቱን ሲያጥብ እናያለን፤ ሲመጣ እየተጋፋን ወደ ወንበሩ እንሮጣለን። አረንጓዴው ቀለም ከደሴቷ ወጥቶ ባሕሩን ተሻገረ። አስራ ሁለት ግዛት ያዝን። ማህሌት ከባሕሩ ማዶ አንዲት የወደብ ከተማ አለቻት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግንብ የሠራችላት፤ እንደ ልጇ ነበር የምታያት። ንጉሡ በሰባ ዓመቱ በሰላም ሞተ፤ በላተኛው ልጁ ነገሠ፤ እኛም በሱ ቀጠልን።

ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ደብዳቤ በስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። ከአዲላ ነው። ከአባቴ ርስት ድርሻ አለኝ፣ ካልሰጣችሁኝ በጦር እወስደዋለሁ የሚል ነው። ከበስተጀርባዋ የባሏ ጦር በረዶውን አልፎ ይመጣል።

ማህሌት እጇን አፋተገች። «ተዪልኝ፤ ጦሩ የኔ ነው።»

«ብንሰጣትስ?»

«ለጠላት?»

ለባባ ከሰሜን ጦር መጣብን አልናቸው እንጂ ደብዳቤውን አላነበብንላቸውም። የፍልሰታ ጾም ነበር፤ ማህሌት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትበላም፤ እኔም እሷ ፊት ብስኩት አልበላም። ሁለት ቀን ሙሉ በባዶ ሆዷ ተዋጋች። ወንዝ ተሻግራ ከበበቻቸው፣ ስንቃቸውን ቆረጠች፤ እኔ ከጎኗ ሆኜ መጮኽ ብቻ ነበር ሥራዬ። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አሸነፍን። ተቃቅፈን ዘለልን፤ ወንበሩ ወደቀ። ባባ ዙሁርን ሰግደው ሲመለሱ ጩኸታችን ሱቁን ሞልቶታል።

«ምን ሆናችሁ?»

«አሸነፍን ባባ! ጦርነቱ አለቀ!»

«ማሻአላህ። አዲላስ?»

«ታስራለች።»

«ማን አሰራት?»

«እኛ» አልኩ። ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

«ምን አጥፍታ?»

ወደ ማህሌት አየሁ፤ ማህሌት የወደቀውን ወንበር ታነሳለች። «ድርሻዬን ስጡኝ አለች» አልኩ ቀስ ብዬ።

ባባ ወንበራቸውን በእጃቸው ፈለጉ። አግኝተውትም አልተቀመጡም። መደገፊያውን ይዘው ቆሙ። ያስቀየምኳቸው መሰለኝ፤ ወይም ደብዳቤውን ሳናነብላቸው ስለተዋጋን የተቆጡ። «ቤት ውሰጂኝ» አሉ። ያቺ የምታንሸራትት ድንጋይ ጋ ስንደርስ እንኳ አላስጠነቀቁኝም፤ ሁለታችንም ልንወድቅ ምንም አልቀረንም።

በነጋታው ጠዋት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ሲያደርጉ በሌላኛው እጃቸው ቡናማ ፖስታ ይዘዋል። «ዛሬ ሱቅ አንሄድም፤ ዘሃራ ጋ ውሰጂኝ» አሉ።

እማ ዘሃራ የባባ ታናሽ እህት ናቸው፤ ሌላ እህትም ወንድምም የላቸውም። ከከተማው ውጭ፣ ድሬ ጠያራ የሚባል ገጠር፣ ገበሬ አግብተው ወጥተው እዚያው ቀሩ፤ ባላቸው ሞተዋል፤ ለውዝና ማሽላ ያርሳሉ። በየዒዱ ወደ እኛ ቤት፣ ከባባ ጋር ወዳደጉበት ቤት፣ ይመጣሉ። የሐረሪ ቤት መቀመጫው ደረጃ ደረጃ ነው፤ ከፍ ያለው ለተከበረ ሰው፣ ዝቅ ያለው በበሩ በኩል። እማ ዘሃራ ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ፣ ከታችኛው ላይ ነበር የሚቀመጡት። ነፋሱን ወደውት ይመስለኝ ነበር።

በሚኒባስ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ጭቃው ቀይ ነው፤ የባባ ጫማ ከበደ። እማ ዘሃራ ደጃፋቸው ላይ ለውዝ ሲለቅሙ አገኘናቸው። እኔን አይተው ሳቁ፤ ከኋላዬ ባባን አይተው ሳቁን ተዉት።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም» አሉ ባባ።

«አንተ እዚህ ቤት መጥተህ አታውቅም። ባሌ ሲሞት እንኳ ዘከሪያን ነው የላክኸው።»

«አልመጣሁም። ፊትሽን ማየት አፍሬ ነው። አሁን ደግሞ ብፈልግም አላየውም።»

እማ ዘሃራ ምንጣፍ አነጠፉልን። ባባ ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጫፉን በጣታቸው ዳበሱ። «አባታችን የሞቱ ጊዜ ጣትሽን ያሳረፍሽበት ወረቀት ነው» አሉ በመጨረሻ።

እማ ዘሃራ ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፤ መልሰው ገለበጡት። «ማንበብ አልችልም» አሉ። «አንተም አሁን አትችልም።» ወደኔ ዘረጉት። «አንቺ አንብቢልኝ።»

ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ እንደምናነበው ቆሜ አነበብኩ። የባባ የእጅ ጽሑፍ ያማረ ነው፣ ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ያለ። ከአባቴ ውርስ የሚደርሰኝን የቤት ድርሻ በሙሉ ፈቃዴ ለወንድሜ ለቅቄያለሁ፣ ወደፊትም ምንም አልጠይቅም ይላል። ከታች የደበዘዘ ሰማያዊ የጣት አሻራ አለ፤ ትንሽ ነው፣ የልጅ ጣት ያህል።

«ድገሚው» አሉ እማ ዘሃራ።

ደገምኩት።

«በሙሉ ፈቃዴ ይላል?»

«ይላል፣ እማ።»

ለውዙን ከጭናቸው ላይ ወደ ሰፌዱ ጠረጉት። «አባታችን መሞታቸውን የሚመሰክር ወረቀት ነው ነበር ያልከኝ። እያለቀስኩ ነው ጣቴን የነከርኩት።»

«አዎ» አሉ ባባ። «ዋሽቼሻለሁ።»

ባባ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም፤ ዋሸሁ ሲሉም እንዲሁ። የቱ እንደሚያስደነግጥ አላወቅኩም። መሬት መሬቱን አየሁ። አንዲት ዶሮ ወድቆ የቀረ ለውዝ ልትለቅም መጣች፤ ማንም አላባረራትም።

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ እማ ዘሃራ። «ሰዎችም ነግረውኛል። አንተ ግን የሰው ሁሉ ድርሻ ጸሐፊ ነህ፤ የኔን አይረሳም እል ነበር።»

«የቤቱን ግማሽ እሰጥሻለሁ። ወረቀቱን ዛሬውኑ አጽፋለሁ።»

«ግማሽ?» እማ ዘሃራ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እኔ አልተማርኩም እንጂ ሞኝ አይደለሁም። አንድ ወንድም፣ አንዲት እህት፤ የኔ ከሦስት አንዱ ነው። ግማሽ ብትሰጠኝ ከላዩ ያለው ስጦታ ይሆናል። ኋላ ሰው፣ ወንድሟ ደግ ነው፣ ቤቱን አካፈላት ይላል። እኔ ደግነትህን አልፈልግም። ከሦስት አንዱን ስጠኝ።»

ባባ አንገታቸውን ደፉ። ከተሸፈኑት ዓይኖቻቸው እንባ ሲወርድ አየሁ፤ ዓይናቸው ስለማያይ እንባ የማይወጣው ይመስለኝ ነበር። «ከሦስት አንዱ» አሉ።

እማ ዘሃራ ከዚያ በኋላ ነው ውሃ ያቀረቡልን። ሲሸኙን አልተቃቀፉም። ለኔ ግን አንድ ፌስታል ለውዝ ሰጡኝ።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባባ አጎቴን አልፈለጉም፤ «ነቢላ ትጻፈው» አሉ። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱን ፊደል እየፈለግኩ፣ እሳቸው ከጀርባዬ ቃል በቃል እየነገሩኝ። ሳልሳሳት የጻፍኩት የመጀመሪያ ገጼ ያ ነው ብዬ ነበር። አጎቴ ዘከሪያ መጋረጃውን ገልጦ ገባና ከትከሻዬ በላይ አነበበ። ፊቱ ተለወጠ። መስከረም ላይ ሊያገባ ነው፤ በግቢው በስተግራ ያሉትን ክፍሎች ለራሱ ሊያድስ ኖራ ሳይቀር ገዝቷል።

«ባባ፣ ይሄ ስንት ዘመን ያለፈ ነገር ነው። እሳቸው ጠየቁ እንዴ?»

«አልጠየቀችም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እኔ አውቀዋለሁ። አንተ የኔን ክፍል ውሰድ፤ እኔ ከነቢላ እናት ጋር እሆናለሁ። የሷን ግን አትወስድም።»

አጎቴ መጋረጃውን ገፍቶ ወጣ። ደንበኞች መጥተው ጠብቀው ሄዱ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ፀጉሩ በዝናብ ርሶ ተመለሰ፤ ወረቀቱን እንደገና አነበበ። «ሦስተኛው መስመር ላይ ‹ወራሽ› የሚለው ተሳስቷል» አለኝ፤ ጎንበስ ብሎ ራሱ አስተካከለው፤ አተመው።

የማህሌት አባት እንደገና ሊዛወር መሆኑን የሰማነው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። የመጨረሻዋ ቀን ስትመጣ ገጽ መጻፉን ተውነው። ስለ እማ ዘሃራ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱን፣ ጣቱን፣ ዶሮዋን። ስትሰማ ጥፍሯን ትበላ ነበር። ከዚያ ማውሱን ወስዳ የእስር ቤቱን ገጽ ከፈተች። አዲላ እዚያ ናት፤ ስዕሏ ላይ ጨለማ ወድቆባታል፣ ፀጉሯ ሸብቷል።

«ፈታኋት» አለች ማህሌት። «አሁን መሬት። ከአስራ ሁለት፣ ከሦስት አንዱ ስንት ነው?»

«አራት።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ግዛት ሰጠቻት። አራተኛው ላይ እጇ ቆመ። ከቀሩት ውስጥ ከአዲላ ግዛቶች ጋር የሚያያዘው የማህሌት የወደብ ከተማ ብቻ ነበር።

«ሦስት አይበቃትም?»

ወደ ባባ ዞርኩ። ከወንበራቸው ሆነው ሰምተዋል፤ ፊታቸውን ወደ ማህሌት አዙረዋል።

«ሦስት ሳምንት እኮ ነው የሠራሁት» አለች ማህሌት። ዓይኗ ሞላ። ቢሆንም ተጫነችው። አራቱም ግዛት ከአረንጓዴ ወደ ሌላ ቀለም ዞረ፤ ወደ ቀላ ያለ ቢጫ። ካርታችን ጎዶሎ ሆነ። ማህሌት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «ያስጠላል» አለች፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። እስከ ሸዋ በር ድረስ ሸኘኋት። አድራሻ ስጪኝ አልኳት፤ የት እንደምንሄድ አባቴም አያውቅም አለችኝ።

እማ ዘሃራ የመጡት ጳጉሜ ላይ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከሁለት ሽማግሌ ምስክሮች ጋር የራሳቸውን የጭነት ገመድ ይዘው መጡ፤ የናንተን ገመድ አላምንም አሉ። ግቢውንና ክፍሎቹን ሁሉ ለኩ። የገመዱን አንድ ጫፍ ባባ ያዙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቁጥሩን ይጠራሉ፤ እማ ዘሃራ ወንድማቸውን እየጮኹ ያዛሉ። «ወደ ግራ! አይደለም፣ ወደ ግራ ነው ያልኩህ! አሁን ቁም።» ባባ ይቆማሉ። አጎቴ ዘከሪያ በኖራው መስመር እያሰመረ ይከተላል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ነጭ ሆኗል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ አላወቅኩም።

መስመሩ ግቢውን አቋርጦ፣ ደጃፉን አልፎ፣ እኔ የምተኛባት ትንሿ ክፍል ውስጥ ገባ። እማ ዘሃራ ተከትለው ገቡ። ኖራው ፍራሼ ጋ ደርሶ ቆሟል፤ ሂሳቡ በፍራሹ መሐል ነው የሚያልፈው።

«ይሄ የማነው?» አሉ።

«የኔ ነው፣ እማ። በዚህ በኩል ነው ራሴን የማደርገው።»

«እግርሽ እኔ ቤት ነዋ።»

«ላንሳው?» አልኩ። «ወይስ እንዲህ እንዳለ ይሁን? ይፈቅዱልኛል?»

እማ ዘሃራ ገመዱን እየጠቀለሉ አዩኝ። ከውጭ ባባ፣ «ዘሃራ፣ አሁንስ የት ልቁም?» እያሉ ይጣራሉ።

«ፈቅጃለሁ» አሉ። «ተዪው፣ እዚያው ይሁን።»